የሰለጠነ ፈረስ ስንት ያወጣል? ለሃውርስ ተጫዋቾች የዋጋ ንጽጽር

ሃውርስ ፈረስ እያረቡ፣ እያሰለጠኑና እየሸጡ የሚጫወቱት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። በሽያጭ ገጹ ላይ አንድ ዝርያ መርጣችሁ፣ ስልጠናቸውን የጨረሱትን ብቻ ለይቶ እንዲያወጣላችሁ ብታደርጉ የሚመጣው ዝርዝር ግራ ያጋባል። በዕድሜም በዘር አቅምም መንታ የሚመስሉ ሁለት ባዝራዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንደኛዋ የሌላዋን አምስት እጥፍ ተጠርቶባት ታገኛላችሁ። ርካሿ በማግስቱ ትወጣለች፤ ውዷ ለሳምንታት እዚያው ትቆማለች። የውዷ ባለቤት የግድ ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን የሚጀምረው ከራሱ ልፋት ነው፦ ይህን ያህል ቀን አበላሁ፣ ይህን ያህል ውድድር አስገባሁ፣ ስለዚህ ይህን ያህል ይገባኛል ይላል። ገዢው ግን የሻጩን ላብ አይቶ አይከፍልም። የሚከፍለው ፈረሱ እሱ ጋር ከገባ በኋላ ለሚሠራለት ሥራና ለሚያሳጥርለት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የማመዛዝነው በዚህ መስፈርት ነው።

ጨዋታውን ገና ለጀመረ

ሃውርስን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ኦውሊያንት የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያውን ደግሞ በ2011 ዩቢሶፍት ገዝቶታል። ጨዋታው በአማርኛ ስለሌለ እኛም ቃላቱን እንደተለመደው እየቀላቀልን እንጠቀማለን። ፈረስ ስድስት ችሎታዎች አሉት፦ ጽናት፣ ፍጥነት፣ ድሬሳዥ (በትእዛዝ የሚፈጸም ስልታዊ እንቅስቃሴ)፣ ግልቢያ፣ ሶምሶማና ዝላይ። ከእናትና ከአባቱ ይዞት የሚወለደው አቅም ድምር ጂፒ ይባላል። ጂፒ በስልጠና አይጨምርም፤ ሲወለድ የነበረው እስከ መጨረሻው ያው ነው። በስልጠና፣ በውድድርና በዕድሜ የሚያድገው ብሉፕ ነው። ከኔጌቲቭ 100 ተነስቶ እስከ 100 ይወጣል። መቶ የሚሞላው ስልጠናው ሲጠናቀቅ፣ ፈረሱ 20 ውድድር ሲያሸንፍና 10 ዓመት ሲሞላው ነው።

ብሉፕ ጨዋታው የፈጠረው ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የእንስሳት ዘረመል ሊቅ ቻርልስ ሄንደርሰን የቀመረው የስሌት ዘዴ ስም ሲሆን፣ ፈረንሳዮች የእውነተኛ ፈረሶቻቸውን የዘር ዋጋ የሚገምቱበት ነው። በጨዋታው ውስጥ ጥቅሙ አንድ ነው፤ የወላጆቹ ብሉፕ 100 ሲሆን የሚወለደው ውርንጭላ ጂፒ የተሻለ ጭማሪ ያገኛል። የሰለጠነ ፈረስ ገበያ የቆመው በዚህች ጭማሪ ላይ ነው።

አንድ ስሌት ደግሞ በቃላችሁ ያዙ። በመደበኛው አካሄድ ፈረስ በአንድ የእኛ ቀን ሁለት ወር ያድጋል። ስድስት ቀን አንድ ዓመት፣ ስልሳ ቀን አሥር ዓመት ማለት ነው። የዕድሜ ነጥብ ያለው ሰው ይህን ጊዜ ማሳጠር ይችላል፤ ነጥቡ ግን በነጻ አይገኝም።

ገዢው ማነው?

ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት ፈረሱን ማን እንደሚፈልገው እወቁ። የምትሸጡለት አንድ ዓይነት ሰው አይደለም።

አርቢው የሚያየው ጂፒንና ብሉፕን ነው። ቀለሙ ቢያምር ደስ ይለዋል፣ አምስት ሳንቲም ግን አይጨምርበትም። እሱ የሚገዛው የሚቀጥለውን ትውልድ ነው፤ ስለዚህ ባዝራዋ መውለድ የምትችልበት የቀራት ዓመት፣ የትውልድ ሐረጓና ጂፒዋ ከዝርያው ጣሪያ፣ ማለትም በዝርያው ካለው ከፍተኛ ጂፒ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመረምራል።

ተወዳዳሪው ለመውለድ ግድ የለውም። ሰንጋ፣ ማለትም የተኮላሸ፣ ቢሆንም ይገዛል። እሱን የሚያሳስበው ከሁለቱ የውድድር ዘርፎች ፈረሱ ለክላሲክ ነው ወይስ ለዌስተርን የተመረጠው፣ የትኛው ችሎታው ከፍ ብሏል፣ በመረጠው ውድድር ላይ የሚቆጠሩት ችሎታዎችስ የሰለጠኑት ናቸው ወይ የሚለው ነው። ለበርሜል ሩጫ የሚፈለግ ፈረስ ለዝላይ ከሰለጠነ፣ ስልጠናው የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ለዚህ ገዢ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው አዲስ ጀማሪ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ጂፒን ገና አይለይም፣ ግን ዛሬውኑ የሚያሸንፍለትና ኤኩስ (የጨዋታውን ገንዘብ) የሚያስገባለት ፈረስ ይፈልጋል። መካከለኛ ጂፒ ያላቸው የሰለጠኑ ፈረሶች መውጫቸው ይህ ሰው ነው፤ ብዙ ሻጭ ግን ይንቀዋል። አርቢ ዞር ብሎ የማያየውን ፈረስ ለአርቢ በሚሆን ዋጋ አቁሞ ገበያው ሞቷል ብሎ የሚያማርር ስንቱ ነው።

ሰብሳቢም አለ፤ ስሙን፣ ቀለሙን፣ በወርቅ ፖም (የፈረስን መልክ በሚቀይር የጨዋታ ዕቃ) የተቀየረ መልኩን፣ የታወቀ አርቢ የስም ቅጥያውን የሚከተል። ለእሱ ቋሚ የዋጋ ቀመር የለም። ከመጣ መጣ ነው።

መቼ ልሽጥ፦ ውርንጭላ፣ ግማሽ ስልጠና ወይስ ብሉፕ 100?

ትልቁ ምርጫ ይህ ነው። ከዋጋው ቁጥር በላይ ትርፋችሁን የሚወስነው የምትሸጡበት ዕድሜ ነው።

ውርንጭላ መሸጥ ፈጣን ነው። ምግቡ፣ ፈረሱ የሚያድርበት ማዕከል ኪራዩ፣ የየቀኑ ጠቅታ ሁሉ ይቀርላችኋል። የምትሸጡት ጂፒን ብቻ ነው፤ ጂፒው ለዝርያው ጣሪያ ቅርብ ከሆነ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ጣሪያው ላይ ያለ ውርንጭላ ላላቸው ሰዎች ምክሬ አንድ ነው፤ ራሳችሁ የማታረቡት ከሆነ በተወለደበት ቀን ሽጡት።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ጂፒ በፈረሱ ላይ አይቀንስም፣ በገበያው ላይ ግን በየቀኑ ይረክሳል። ሌሎች አርቢዎች እንቅልፍ የላቸውም። እናንተ ውርንጭላውን ስልሳ ቀን ስታሰለጥኑ፣ የዕድሜ ነጥብ የሚያፈሱት የእሱን እኩዮች ቀድመው አድርሰው የሚቀጥለውን ትውልድ ያስወልዳሉ። ሲወለድ ከዝርያው ምርጦች መካከል የነበረ ፈረስ ብሉፑ 100 በሞላ ቀን መሃል ላይ ይገኛል። እናንተ ጨመርኩበት ብላችሁ የምታስቡትን ገበያው ከሌላው ጎን እየቀነሰው ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል የሰለጠነው ፈረስ ከውርንጭላው ባነሰ ዋጋ ሲሸጥበት ጨዋታው ያጭበረበረው ይመስለዋል።

ስለዚህ ስልጠና የሚያዋጣው የት ነው? የዝርያው ጣሪያ ቀስ ብሎ በሚወጣበት፣ ማለትም አርቢ ባልበዛበት ዝርያ ላይ ነው። አርቢዎች የሚሻሙበት ታዋቂ ዝርያ ላይ ስልሳ ቀን ረጅም ነው። ብዙ ሰው በማይነካው ዝርያ ላይ ግን ጣሪያው ባለበት ይቆያል፣ የሰለጠነ ፈረስም ብርቅ ይሆናል። ዝርያችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የጂፒ ደረጃ ሰንጠረዡን ዛሬ ተመልከቱና የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ቁጥሮቹ ከተንቀሳቀሱ ውርንጭላ ሽጡ፤ ካልተንቀሳቀሱ አሰልጥኑ።

ግማሽ ስልጠና ላይ መሸጥ፣ ለምሳሌ ስልጠናው አልቆ ድሉ ግን 20 ያልሞላ ወይም ዕድሜው አምስት ስድስት ዓመት የሆነ ፈረስ፣ በአብዛኛው መጥፎ ምርጫ ነው። አርቢው እንዳይገዛ ብሉፑ አልሞላም፤ ተስፋ ፈላጊው እንዳይገዛ ውርንጭላ አይደለም። የምትጠይቁት የደከማችሁበትን ነው፣ ገዢው ግን ቀሪውን ድካም ይቀንስባችኋል። ይህን የምቀበለው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። አንደኛው ፈረሱ ለውድድር የሚሆን ሰንጋ ሲሆን ነው፤ ተወዳዳሪው የብሉፑን መሙላት አይጠብቅም። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታውን ለረጅም ጊዜ ልታቆሙ ስትሉ ነው፤ ያኔ ካለመሸጥ ርካሽ መሸጥ ይሻላል።

በእውነተኛው ዓለምም ጥያቄው ያው ነው። በአሜሪካ የሁለት ዓመት ሰልጣኝ ፈረሶች በገዢ ፊት ለአጭር ርቀት እየሮጡ የሚሸጡበት ጨረታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ እንዲህ ያለ ጨረታ ላይ ግሪን መንኪ የተባለ ፈረስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ አንድም አላሸነፈም፤ የሩጫ ገቢው 11 ሺህ ዶላር እንኳ አልደረሰም። በሌላ በኩል ሲያትል ስሉ በ1975 በ17,500 ዶላር ተገዝቶ በ1977 ሦስቱንም የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ። እነዚያ ገዢዎች የፈረሱን አቅም በዓይንና በሰዓት ነው የሚገምቱት። ሃውርስ ላይ ጂፒው በቁጥር ተጽፏል፣ ዕድሜውም ተጽፏል፤ አፉን ከፍቶ ጥርስ መቁጠር የለም። ስለዚህ በጨዋታው ለሚስጥራዊ ተስፋ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው አትጠብቁ። ሁሉም የሚያየውን ቁጥር እኩል ያያል።

ዋጋውን ከምን ተነስቼ ላውጣ?

ሦስት መንገዶች አሉ፤ ብቻቸውን ሲወሰዱ ሁሉም ይጎድላቸዋል። በአንድ ባዝራ ላይ አብረን እንሞክራቸው። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

የመጀመሪያው የወጪ ስሌት ነው። ባዝራዋ ውርንጭላ ሳለች በገበያ 8,000 ኤኩስ ታወጣ ነበር እንበል። የማዕከል ኪራይ በቀን 80፣ ምግብ በቀን 40፣ ለስልሳ ቀን 7,200 ይሆናል። በሃያ ድሎች 1,200 ኤኩስ አስገብታለች እንበል፣ እሱን እንቀንሳለን። ድምሩ 14,000 ነው። ይህ ወለላችሁ ነው። ከዚህ በታች ከሸጣችሁ ውርንጭላ ሳለች ብትሸጧት ይሻል ነበር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ውርንጭላዋ እናንተ ቤት ብትወለድም 8,000ው ስሌት ውስጥ ይገባል። በነጻ የመጣችልኝ ናት የሚል ሻጭ ያን ቀን ያገኘው የነበረውን ዋጋ ለገዢው በስጦታ ይሰጣል።

የወጪ ስሌት ወለሉን ይነግራችኋል፣ ዋጋውን ግን አይነግራችሁም። ያለ ዕቅድ ያሰለጠነ፣ ውድ ማዕከል የተከራየ ሰው ወጪው ከፍ ስላለ ብቻ ገበያው አይክሰውም።

ሁለተኛው ከአቻዎቹ ጋር ማስተያየት ነው። የሽያጭ ማጣሪያውን ክፈቱ፤ ዝርያ፣ ጾታ፣ ብሉፕ 100፣ ጂፒው ከእናንተ ጥቂት ከፍ እና ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ዕድሜው የተቀራረበ ምረጡ። ብዙዎች ዝርዝሩን አይተው አማካዩን ይወስዳሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ገጹ ላይ የምታዩት የጥሪ ዋጋ ነው፣ የተሸጠበት አይደለም። በትክክለኛ ዋጋ የቀረበ ፈረስ ቶሎ ስለሚወጣ ገጹ ላይ አይቆይም፤ ተደርድረው የሚጠብቋችሁ አብዛኞቹ ዋጋቸው የተሰቀለ፣ ገዢ ያጡ ናቸው። የእነሱን አማካይ መውሰድ ያልተሸጠውን ሁሉ ተከትሎ አለመሸጥ ነው። የሚሻለው ለጥቂት ቀናት አንድ ዓይነት ማጣሪያ ደጋግሞ ማየት ነው። ትናንት የነበረው ዛሬ ከጠፋ፣ የመጨረሻ ዋጋውን መዝግቡ። ባለቤቱ አንስቶትም ሊሆን ይችላል፤ ግን ሦስት አራት ሲጠፉ ዋጋው ራሱ ይናገራል። በእኛ ምሳሌ የቆሙት 25,000 ላይ ናቸው እንበል፤ የሚጠፉት ደግሞ 18,000 አካባቢ።

ሦስተኛው ብዙም የማይሠራበት ግን እኔ የማምንበት መንገድ ነው፤ ገዢው እናንተን ባያገኝ ምን ያደርግ ነበር ብሎ መጠየቅ። ገዢያችን አርቢ ነው። ያለው ሌላ ምርጫ ተመሳሳይ ጂፒ ያላት ውርንጭላ በ8,000 ገዝቶ ስልሳ ቀን ራሱ ማሰልጠን ነው። የእሱም ወጪ ከድል ገቢው ተቀንሶ 6,000 ያህል ይሆናል። እስካሁን 14,000፤ ከእናንተ ወለል ጋር እኩል ነው። ከእናንተ ከገዛ ግን ሥራውን ዛሬ ይጀምራል። ባዝራ እርግዝናዋ 11 ወር ነው፣ በእኛ ቀን ስድስት ገደማ። እሱ ሊያሰለጥን ይጠብቅ በነበረበት ስልሳ ቀን ውስጥ የእናንተ ባዝራ እስከ አሥር ውርንጭላ ልትሰጠው ትችላለች፤ ሁሉም ብሉፗ 100 ከሆነ እናት የተወለዱ። ከእያንዳንዱ ወጪው ተቀንሶ 700 ኤኩስ ቢያገኝ 7,000 ነው። ስለዚህ ለዚህ ሰው የዋጋው ጣሪያ 21,000 ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቃችሁት ውርንጭላ ገዝቶ ራሱ ቢያሰለጥን ይሻለዋል፤ ሒሳብ የሚያውቅ አርቢ ደግሞ ይህን ያውቃል።

አሁን ሥዕሉ ተሟላ፦ ወለል 14,000፣ ጣሪያ 21,000፣ ገበያው የሚያወጣው 18,000 አካባቢ። 18,000 ብላችሁ ብታቀርቡ ሻጭም ገዢም ያተርፋል። 25,000 ላይ የቆሙት ለምን እንደማይንቀሳቀሱም ከዚሁ ይታያል፤ ከጣሪያው በላይ ናቸው።

ሦስቱ መንገዶች አልገጥም ሲሉ ነው ዋናው ትምህርት የሚገኘው። ወለሉ ከገበያው በላይ ከሆነ፣ ማለትም 14,000 አውጥታችሁ ገበያው 11,000 የሚከፍል ከሆነ፣ ያን ዝርያ ማሰልጠን አቁሙ እንጂ ዋጋ በመስቀል አታካክሱት። ያለቀው አልቋል። 11,000ውን ተቀብላችሁ የተሻለ ውርንጭላ ላይ አውሉት።

ባዝራ ወይስ ድንጉላ?

በአንድ ጂፒ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ብሉፕ ባዝራና ድንጉላ እኩል ዋጋ የላቸውም። ባዝራ በአንድ ጊዜ አንድ ጽንስ ነው የምትይዘው፤ አርቢ አሥር ውርንጭላ በአንዴ ቢፈልግ አሥር ባዝራ ያስፈልገዋል። ድንጉላ ግን ብዙ ባዝራዎችን ያስረግዛል፣ ባለቤቱም አገልግሎቱን ለሌሎች ተጫዋቾች ያከራያል። ታዲያ አርቢው ጣሪያ ላይ ካለ ድንጉላ አገልግሎት መግዛት እየቻለ የእናንተን መካከለኛ ድንጉላ ለምን ይገዛል?

በዚህ ምክንያት የድንጉላ ገበያ ሁለት ጫፍ ብቻ አለው። ከዝርያው አንደኞች መካከል ያለው እጅግ ውድ ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ ትንሽ እንኳ ቢያንስ፣ ዋጋው ቁልቁል ይወርዳል። የባዝራ ዋጋ እንዲህ አይወድቅም፤ ከጣሪያው በመጠኑ ዝቅ ያለችም ከምርጥ ድንጉላ ጋር ስትገናኝ ጥሩ ልጅ ስለምትሰጥ ገዢ አላት።

አንደኛ ደረጃ ድንጉላ ካላችሁ መሸጡን ከአገልግሎት ኪራይ ጋር አወዳድሩ። ኪራዩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያስገባል፤ ነገር ግን ከላይ እንዳልኩት የዝርያው ጣሪያ ሲወጣ የሚጠይቀው ሰው ይቀንሳል። ጣሪያው ፈጥኖ በሚወጣ ዝርያ ላይ መጀመሪያ አከራይታችሁ ኋላ ለመሸጥ ብታስቡ ሁለቱንም ታጣላችሁ፤ ምክንያቱም ለመሸጥ ስትነሱ አንደኛ መሆኑ ቀርቷል። መካከለኛ ድንጉላን ደግሞ ከማሰልጠናችሁ በፊት ለውድድር ይሆን እንደሆነ አስቡበት፤ ገዢው ያኔ ሌላ ሰው ነው።

ኤኩስ ወይስ ፓስ?

ኤኩስ በጨዋታው ውስጥ በሥራ ይገኛል። ፓስ ሁለተኛው የጨዋታው ገንዘብ ሲሆን በዋነኛነት በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው በፓስ መሸጥ የሚመኘው። ጥያቄው ግን ገዢያችሁ ፓስ አለው ወይ የሚለው ነው። አዲስ ጀማሪና ተወዳዳሪ ፓሱን ለሌላ ነገር ያስቀምጣል። ከአገር ቤት የሚጫወት ደግሞ በብር ካርድ የውጭ ክፍያ መፈጸም ቀላል ስላልሆነለት የሚኖረው በኤኩስ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለው የአክስቱ ልጅ ካርዱን አውጥቶ ይገዛል። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ፓስ እኩል አይከብድም።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ፈረስና ሰብሳቢ የሚፈልገው ብርቅ ነገር በፓስ ይሸጥ። የቀረው በሙሉ በኤኩስ። የፓስን ዋጋ በኤኩስ ስትተምኑ ቋሚ ምንዛሪ አድርጋችሁ አትያዙት፤ በምትሸጡበት ሰሞን ተመሳሳይ ዕቃ በሁለቱም ገንዘብ ስንት እንደሚጠራ እዩ። ሌላው ችግር ፓስ ሲሸራረፍ አይመችም። 18,000 ኤኩስን ወደ 17,500 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ በሁለት ፓስ ያቀረባችሁትን ግን ቅናሽ ላድርግ ብትሉ ግማሹን መጣል ነው።

ከጨዋታው ውጭ በብር ወይም በዶላር ልግዛህ የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት። የጨዋታው ሕግ አይፈቅድም፤ ገንዘቡ ቢቀር ለማን ይከሰሳል?

ቀጥታ ሽያጭ፣ ጨረታ ወይስ ለአንድ ሰው የተያዘ?

ከላይ ያለውን ሒሳብ ሠርታችሁ ዋጋውን ካወቃችሁ ቀጥታ ሽያጭ ይበቃል። ዋጋ ትጽፋላችሁ፣ የተስማማው ይገዛል፣ አለቀ። የሰለጠነ ተራ ፈረስ ሁሉ በዚህ ይሸጥ።

ጨረታ የሚሆነው ዋጋውን እናንተም ለማታውቁት ነው። አቻ የሌለው ፈረስ፣ በዝርያው አንደኛ የሆነ፣ ሁለት አርቢዎች የሚቀናኑበት። ሁለት ፈላጊ ከሌለ ጨረታ የለም፤ አንድ ሰው ብቻ ከመጣ በመነሻ ዋጋው ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መነሻውን ከወለላችሁ ዝቅ አድርጎ ሰው ይሰበሰባል ብሎ ተስፋ ማድረግ አደገኛ ነው፤ በተለይ ብዙ ሰው በማይጫወትበት ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ። አብዛኛው ተጫዋች አውሮፓና አሜሪካ ስለሆነ፣ ለእኛ ሌሊት የሚሆነው ለአሜሪካው ከሰዓት በኋላ ነው። ጨረታውን ከቻላችሁ የአውሮፓ ምሽት ላይ እንዲዘጋ አድርጉት።

የተያዘ ሽያጭ ለምታውቁት ሰው ነው፤ ተደራድራችሁ የጨረሳችሁት ዋጋ ሌላ ሰው መሃል ሳይገባ ይፈጸማል። ቋሚ አርቢ ደንበኛ ያገኘ ሻጭ ከዚህ የሚያተርፈው ከሁሉም በላይ ነው። ለዚህ ሰው ከገበያው ጥቂት ቅናሽ ብታደርጉ አይቆጫችሁ፤ የሚቀጥለውን ውርንጭላ ሳይወለድ ይገዛችኋል። ጀማሪ ጓደኛን ለመርዳት በነጻ ለመስጠት ስትፈልጉም መንገዱ ይኸው ነው፤ ግን ስጦታው ስጦታ ይሁን፣ ከሽያጭ ጋር አታቀላቅሉት።

ፈረሱ አልሸጥ ሲል

አንድ ሳምንት ካለፈና ጠያቂ ከሌለ መጀመሪያ ዋጋውን አትንኩ። ማጣሪያውን እንደ ገዢ ሆናችሁ ክፈቱና ፈረሳችሁ በየትኛው ገጽ እንደሚወጣ እዩ። ከእናንተ በላይ ያሉት በጂፒ የሚበልጡ ሆነው በዋጋ ከእናንተ ያነሱ ከሆነ መልሱ ተገኘ። ዋጋችሁ ተገቢ ሆኖ ካልወጣ ደግሞ ገዢውን ቀይሩ፤ ለአርቢ ያቀረባችሁትን ለተወዳዳሪ፣ ለተወዳዳሪ ያቀረባችሁትን ለጀማሪ። መግለጫው ላይ የምትጽፉት ነገር ይቀየራል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ስትቀንሱ በአንድ ጊዜ በሚታይ መጠን ቀንሱ። ከ18,000 ወደ 17,900 መውረድ ማንንም አያስነሳም፤ ወደ 16,000 መውረድ ግን ገዢዎች የሚያጣሩበትን ገደብ ይሻገራል። ብዙ ሰው ማጣሪያው ላይ ክብ ቁጥር ነው የሚጽፈው፤ 15,000 ብሎ ለሚፈልግ ሰው 15,200 የተጻፈበት ፈረስ አይታይም። ባዝራ ከሆነች ደግሞ እስክትሸጥ ድረስ አታስቀምጧት፤ አስረግዟት። እርጉዝ ባዝራ ከጥሩ ድንጉላ ከሆነ ጽንሱ ራሱ ለአርቢው ተጨማሪ ምክንያት ነው፣ ካልተሸጠችም ውርንጭላው ለእናንተ ይቀራል።